የወተቱ ስኳር አፍራም ነው

ፓሪስ፣ የካቲት 1960፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ

ለክርስትና እናቴ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ የባሕሩ ነፋስ በመስኮትዎ ሥር ጋብ ብሎልዎ፣ ጉልበትዎም ደረጃውን እሺ ብሎ የሚያስወጣዎ ሆኖ እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። እንዴት ሰነበቱ? የቀኝ ጉልበትዎ እንዴት ነው? ዶሮዎቹስ ብርዱን ቻሉት? እናቴ ለገና በጻፈችልኝ ደብዳቤ ጣሪያዎ በአንድ በኩል ያፈሳል ብላኝ ነበር፤ ሰው ወጥቶ ጠገነልዎ? የላኩልኝን የሱፍ ካልሲ አሁንም አድርጌዋለሁ። የመጨረሻው ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ከፊርማዎ በላይ የጻፉትን ጥያቄ አይቼዋለሁ፤ መልሱን መጨረሻ ላይ እጽፋለሁ።

እኔ ደህና ነኝ። ይህን ቃል በየደብዳቤዬ እጽፍልዎታለሁ፤ ዛሬ ግን ከጻፍኩት በኋላ ቁጭ ብዬ አየሁት። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራዬን እሠራለሁ፤ ስለዚህ ውሸት ነው አይባልም። እውነት ነው ለማለትም አልደፍርም። ከሄዱ ወዲህ ስድስት ደብዳቤ ልኬልዎታለሁ። በስድስቱም ውስጥ ስለ አየሩ፣ ስለ ጊስሌን ቀልድ፣ ስለ ተሰበሩት ጠርሙሶች አለ። የኅዳሩ ነገር በአንዱም የለም። ዛሬ እሱን ነው የምጽፈው። እጄ አንዴ ከቆመ የሚቀጥል ስለማይመስለኝ ጽሑፌ ቢበላሽም አልመልሰውም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ያንን ስኳር የመዘንኩት እኔ ነኝ።

እርስዎ የሚያውቁትን ሁሉ ደግሜ ስጽፍ አይሰልቹብኝ። በተራ ካላስቀመጥኩት አፌን መክፈት የነበረብኝ የት ላይ እንደሆነ አይታየኝም።

ከሁለት ዓመት በፊት ከባሕር ዳርቻችን ከዱዋርነኔ ወደዚህ ይዘውኝ ሲመጡ እናቴ ባቡር ጣቢያው ላይ ያለችዎን ያስታውሳሉ። ‹‹ይቺ ልጅ ሰው ፊት አትናገርም። ሰርዲን ፋብሪካ ባስገባት ሴቶቹ በጩኸት ይጨርሷታል። እርስዎ ጋ ጠርሙስ ብታጥብ ይሻላታል›› ነበር ያለችው። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ጠርሙስ ሰውን ምነው ዝም አልሽ አይልም። ከደረጃው ሥር ያለው ማጠቢያ ክፍላችን፣ ያ ትልቁ የእንፋሎት ድስት ሲንሿሿ፣ በመስኮቱ መስታወት ላይ ላቡ ሲወርድ፣ ከዓለም ሁሉ የሚሻል ቦታ ይመስለኝ ነበር። ጠርሙሱን እናጥባለን። ባክቴሪያዎቹ የሚያድጉበትን መረቅ እንሠራለን፣ ስኳሩን መዝነን እንጨምርበታለን፣ በእንፋሎት እናበስለዋለን፣ በሰማያዊ እርሳስ ቀኑን ጽፈንበት ወደ ላይኞቹ ክፍሎች እንልከዋለን። የሠራው ሰው ስም አይጻፍም፣ ቀኑ ብቻ። እሱም ይመቸኝ ነበር።

ስኳሩን መቅመስ ያስተማሩኝ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ቡናማዎቹ ማሰሮዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ እንፋሎቱ የተለጠፈባቸውን ወረቀት በየወሩ ይልጠዋል፤ የወይኑም የወተቱም ስኳር ነጭ ዱቄት ነው። ‹‹አለቃችን ሙሴ ካርዳያክ እንዳያዩሽ። እዚህ ክፍል ምንም ነገር አፍ አይገባም ብለው ግድግዳ ላይ ለጥፈዋል፤ ወረቀቱ የማይላጠው እሱ ብቻ ነው›› ብለው ሳቁ። ከዚያ ጣትዎን አርጥበው ከአንዱ ማሰሮ ነካ አደረጉና ለእኔም ጠቆሙኝ። ‹‹የወይኑ ስኳር ለፍላፊ ነው፤ ገና ከበር ይጮኻል። የወተቱ ስኳር ደግሞ አፍራም ነው። ምላስሽ ላይ ዝም ብሎ ይቀመጥና፣ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ ቀስ ብሎ አንድ ቃል ይናገራል። እንዳንቺ›› አሉኝ። ከዚያ በፊት አፍራምነቴን ሰው ሁሉ እንደ በሽታ ነበር የሚያነሳው። እርስዎ ስኳር አደረጉት። ያን ቀን እንዴት ደስ እንዳለኝ ነግሬዎት አላውቅም።

ማድሞዜል ሌስኩር ምሳዋን እኛ ጋ መብላት የጀመረችው ባለፈው መስከረም ነበር፤ በባክቴሪያዎቿ ላይ የምትመራመርበት የላይኛው ክፍል ስለሚቀዘቅዝ። አንቱ እንዳንላት ነግራናለች፤ ‹‹ገና ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ አታስረጁኝ›› ብላ። ቋሊማዋን በጋዙ እሳት ላይ እየጠበሰች ሳለ ጊስሌን ያለቻትን ረስተውት አይመስለኝም። ‹‹እኛ ድስት አጣቢዎች ነን፣ ማድሞዜል። ግን ድስቱ ውስጥ ማን እንደሚበላ ብናውቅ አይከፋም። እነዚህ ልጆችሽ ሲያዩዋቸው አይታዩ፣ ሲጠሯቸው አይሰሙ፤ ምናቸው ነው ያከሳሽ?››

ማድሞዜልም በሹካዋ ጠረጴዛው ላይ እየሳለች አስረዳችን። ባክቴሪያው የወተት ስኳር ለመብላት ከአንድ በላይ ሠራተኛ ያስፈልገዋል። አንዱ ስኳሩን ከውጭ ያስገባል፤ ሌላው ውስጥ ሆኖ ለሁለት ይቆርጠዋል፤ ሦስተኛም አለ፣ የእሱን ሙያ ገና በደንብ አላወቅነውም አለች። የእያንዳንዱ ሠራተኛ አሠራር የተጻፈበት ዘረመል አለ፤ ሦስቱ ዘረመሎች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። የወተት ስኳር ሲመጣ ሦስቱም አንድ ላይ ይነሳሉ። ሲጠፋ ሦስቱም አንድ ላይ ይተኛሉ። የወይን ስኳር ካገኘ ደግሞ፣ እሱ ስለሚቀለው፣ የወተቱን ሠራተኞች አይቀሰቅሳቸውም። ‹‹ማነው ሦስቱን ባንዴ የሚያዝዛቸው? ያከሳኝ እሱ ነው›› አለች።

እኔ ደግሞ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ‹‹እንደ ሰርዲን ነው›› አልኩ።

ሁላችሁም ወደ እኔ ዞራችሁ። ፊቴ ጋለ። ግን ጀምሬዋለሁና ጨረስኩት። ጀልባ ሲገባ ጠሪዋ ልጅ በየመንገዱ እየሮጠች ‹‹ዓሣ መጣ!›› ትላለች፤ ራስ ቆራጮቹም፣ ጠባሾቹም፣ ቆርቆሮ ውስጥ ደርዳሪዎቹም ባንዴ ከየቤታቸው ይወጣሉ። ዓሣ ከሌለ ሁሉም ቤታቸው ናቸው። ቆራጮቹ ብቻቸውን መጥተው ቢላ አይስሉም። እንዲህ ነበር ያልኩት። ጊስሌን እጇን አጨበጨበች፤ ‹‹ሰርዲኗ ተናገረች! ዛሬ በረዶ ሳይጥል አይቀርም›› አለች። እርስዎ ፖምዎን ቆርጠው ትልቁን ግማሽ ሰጡኝ።

ማድሞዜል ቋሊማዋን ረሳችው። ‹‹ጠሪ ናት ወይስ ዘበኛ?›› አለችኝ፣ እንደ እኩያዋ። ‹‹እላይ ፎቁ ላይ የምንጣላው በእሱ ነው። አንዳንዱ፣ ስኳሩ ጠሪ ነው፣ የተኙትን ይቀሰቅሳል ይላል። እኔ ግን ሴቶቹ ድሮም ለብሰው በር ላይ የቆሙ ይመስለኛል። አንድ ዘበኛ በሩን ይዞባቸዋል። ዓሣው የሚሠራው ሥራ ዘበኛውን ከበሩ ማንሳት ነው። ዝምታ እንዲሁ ባዶ ነገር አይደለም፤ ዝም የሚያሰኝ ነገር አለ።››

ሦስቱ ባንድነት የሚታዘዙበት አንድ ቦታ በእውነት ካለ፣ እሱ የተበላሸበት ባክቴሪያ የወተት ስኳር ቢሰጡት እንኳ ሦስቱም ሠራተኞቹ ባንዴ ዝም ይላሉ። ማድሞዜል ስምንት ወር ሙሉ እንዲህ ያለ ዝምተኛ ስትፈልግ ነበር።

አሁን ወደ ኅዳር ሁለተኛው ማክሰኞ ልምጣ።

እርስዎ ለመነጽርዎ ዓይን ሐኪም ጋ ሄደው ነበር። እኔ ጉንፋን ይዞኝ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ጠዋት ስገባ ጊስሌን ‹‹ሰርዲን፣ አፍንጫሽ የባቡር መብራት መስሏል፤ መረቁ ውስጥ እንዳታንጠባጥቢ፣ በኋላ አዲስ ፍጥረት አገኘን ይላሉ›› አለችኝና ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ። ሃያ ጠርሙስ መረቅ ታዞ ነበር፣ ከወተት ስኳር ጋር። ታችኛው መደርደሪያ ላይ የነበረውን ማሰሮ አነሳሁ፤ ወረቀቱ ተልጦ ወድቋል። ጣቴን አርጥቤ ቀመስኩ።

ምንም የለም። ምላሴ ላይ ጨርቅ የተነጠፈ ይመስል ነበር። ጠበቅኩ። ደግሜ ቀመስኩ። አሁንም ዝም።

ዝም ካለማ የወተቱ ነው አልኩ በልቤ። አፍራሙ ነው።

ሌላውን ማሰሮ አውርጄ ማስተያየት እንደነበረብኝ አውቃለሁ። እሱ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ነበር፤ መሰላሉ ጊስሌን ጋ ነበር። ‹‹ጊስሌን፣ መሰላሉን አቀብዪኝ፣ ምላሴ ታሟል፣ አንቺ ቅመሺልኝ›› ማለት ብቻ ነው። ብዙ ቃል አይደለም። ጠዋት ስለሳቀችብኝ ግን እንደገና ስትስቅ ታየኝ። መዘንኩ፣ ጨመርኩ፣ ድስቱን ዘጋሁ። በሃያው ጠርሙስ ላይ ቀኑን በሰማያዊ እርሳስ ስጽፍ እጄ አልተንቀጠቀጠም። ይህን የምጽፍልዎ ያን ጊዜ ምንም እንዳልጠረጠርኩ እንዲያምኑኝ ብዬ ነው። እስከዚያ ድረስ ስህተት ነበር፤ ሌላው ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ከእኔ ቀድመው ገብተው ነበር። በሩን ስከፍት መደርደሪያው ጋ ቆመው፣ ያን ማሰሮ በክንድዎ አቅፈው፣ ጣትዎን በሽርጥዎ ሲጠርጉ አየሁዎ። አዲስ ወረቀት ቆርጠው ጻፉ፣ ለጠፉ፣ በአውራ ጣትዎ አጥብቀው ተጫኑት። ከዚያ ባዶውን የጠርሙስ ሳጥን አዩ፤ ጠርሙሶቹ ሁሉ ወደ ላይ ሄደዋል። ወደ እኔ ዞረው ‹‹ጉንፋንሽ ተሻለሽ፣ ልጄ?›› አሉኝ። ‹‹አዎ፣ ተሽሎኛል›› አልኩ። እርስዎ ውሃ ሊቀዱ ሲሄዱ ወረቀቱን አነበብኩት። የወይን ስኳር ይላል።

ያን ጊዜ አወቅኩ፣ ክርስትና እናቴ። ሐሙስ ጠዋት። ማንም ገና ምንም አልተጎዳም ነበር። ደረጃው ሃያ ሁለት ደረጃ ነው፤ ወጥቼ ‹‹ማድሞዜል፣ መረቁን ድፊው›› ብል ማድሞዜል ትስቅ ነበር፤ ጊስሌንም ሳምንት ትቀልድብኝ ነበር፤ አለቀ። ‹‹ከምሳ በኋላ እነግራታለሁ›› አልኩ። ከምሳ በኋላ ‹‹ነገ›› አልኩ። ሰኞ ጠዋት ቆርጬ ወጣሁ። በሯ ክፍት ነበር። ገና ሳልናገር መጥታ ትከሻዬን ያዘችኝና ‹‹ዝምተኛውን አገኘሁት!›› አለችኝ። ‹‹ሦስቱም ሠራተኞች ባንዴ ዝም! የወተት ስኳር ሰጥቼው፣ ቆራጩም አስገቢውም ሌላውም ምንም! ሴቶችሽ ሁሉ ቤታቸው ናቸው፣ ዓሣው ደጃፍ ላይ ተቆልሎ!›› ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ምን መጥተሽ ነው አላለችኝም። እኔም ባዶ ጠርሙሶች ሰብስቤ ወረድኩ።

ሦስት ጊዜ ደግማ አየችው። ሦስቱንም ጊዜ በዚያው በእኔ መረቅ ነበር፤ ሃያ ጠርሙስ ነበራ። ለማነጻጸሪያ የተጠቀመችበት ጤነኛው ባክቴሪያ በቆየው መረቅ ነበር ያደገው፤ እሱ እንደ ደንቡ ተነስቶ ሠርቷል። ያኛው ግን ሦስቱንም ጊዜ ዝም። እንዴት አይበል፤ የወተት ስኳር መች ቀመሰና።

በዓርቡ ጉባኤ ላይ ስትናገር እኛም በበሩ ቆመን እንድንሰማ ጠራችን። ሰሌዳው ላይ ጀልባ ሳለች። ‹‹ይህን ምሳሌ የሰጠችኝ የማጠቢያ ክፍሏ ወጣት ናት›› ስትል እነዚያ የተማሩ ሰዎች ሁሉ ዞረው አዩኝ። እርስዎ እጅዎን ወገቤ ላይ አሳርፈው ነበር። እጅዎ ምን ያህል እንደከበደኝ ቢያውቁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። መረቁ ሊያልቅ አንድ ጠርሙስ ሲቀር አዲሱን እርስዎ ሠሩት፤ ዝምተኛው ባክቴሪያ በእርስዎ መረቅ ውስጥ በአንድ ሰዓት ተነስቶ እንደ ማንም ጤነኛ ሠራ። ማድሞዜል ከአሮጌው የተረፈውን አንድ ጠርሙስ መረመረችውና የወይን ስኳር አገኘችበት። በሚቀጥለው ዓርብ እዚያው ሰሌዳ ፊት ቆማ ያለችውን ሁሉ መለሰች። ጀልባ አልሳለችም። እኛንም አልጠራችንም።

ሙሴ ካርዳያክ ጠርሙሱን ይዘው ወደ ክፍላችን ሲገቡ እኔ የመደርደሪያው ጫፍ ላይ ፎጣ ይዤ ቆሜ ነበር። ‹‹የኅዳር ሁለተኛውን ማክሰኞ መረቅ ማን ሠራው?›› አሉ። ድስቱ ብቻ ይንሿሿል። አፌን ከፈትኩ፤ እውነቴን ነው፣ ከፍቼው ነበር። እርስዎ ግን እጅዎን ከውሃው አውጥተው ‹‹እኔ ነኝ፣ ሙሴ። ወደ ሐኪም ከመሄዴ በፊት መዝኜ ነበር። ስኳሩን በምላሴ ነበር የምለየው፤ ምላሴ አርጅቷል›› አሉ። ጊስሌን አንዴ እርስዎን አንዴ እኔን አየች፤ ከዚያ ጠርሙስ ማጠቧን ቀጠለች። እኔም አፌን መልሼ ዘጋሁት።

ሃያ ሁለት ዓመት የሠሩበትን ክፍል በአንድ ሳምንት ለቀቁ። ሽርጥዎን አጥፈው ሲያስቀምጡ ጎንዎ ሆኜ ሳጥንዎን አሰርኩልዎ። የዚያን ዕለት ማታ የሠራሁልዎን ሾርባ አንድ ማንኪያ ቀምሰው ‹‹ጨው ረስተሻል፤ ቅቤውም የእኛ አገር አይደለም፣ የኖርማንዲ ነው›› አሉኝ። ቅቤው የኖርማንዲ ነበር። ባቡሩ በር ላይ ቆመው ግንባሬን ሳሙኝና ‹‹ጉንፋንሽ ለቀቀሽ?›› አሉኝ። አዎ አልኩዎ። ባቡሩ እስኪነቃነቅ ድረስ ፊቴን እያዩ ቆዩ፤ ሌላ ነገር የምናገር ይመስል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ስለ ዘበኛው አስባለሁ። ማድሞዜል ዝምታ ባዶ አይደለም ያለችው እውነት ነው። ቃሎቹ ሁሉ ለብሰው በር ላይ ቆመው ነበር፤ በየቀኑ ይሰሙኝ ነበር። ደግሞም አንዱ ዝም ሲል ሌላውም አብሮት ዝም ይላል። ለእናቴ መጻፍ አቃተኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለካህኑ ሄጄ መናዘዝ ተውኩ። ከጊስሌን ጋር መሳቅ አቃተኝ። ስኳር መቅመስም ተውኩ፤ አሁን ማሰሮዎቹ ላይ በቀለም ተጽፎባቸዋል፣ አያስፈልግም።

በዚያ ላይ አንድ ነገር መጣ፤ ሳልነግርዎ ባልፈው ይሻለኝ ነበር። ላይኛው ፎቅ ላይ ነገር ሲበላሽ፣ መረቅ ሲደፈርስ፣ መለኪያ ሲሳሳት፣ ተማሪዎቹ ‹‹የማዳም ስኳር ገብቶበት ነው›› ማለት ጀመሩ። በክፋት አይደለም፤ አብዛኞቹ እርስዎን አያውቁዎትም። የእርስዎ መስቀያ ላይ ኮቷን የምትሰቅል አዲስ ሴት መጥታለች። እሷ እንኳ ትላለች። ስምዎ እዚህ ቤት የስህተት ስም ሊሆን ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ጠርሙስ ያላበላሹት ሴትዮ።

ባለፈው ሐሙስ ምሳ ላይ ማድሞዜል ሌስኩር አንድ መጥፎ ውጤት እያወራች ነበር። ‹‹እንግዲህ የማዳም ስኳር ይሆናል›› አለችና ሳቅ አለች። አዲሷም ሳቀች። ጊስሌን አልሳቀችም። እኔ የያዝኩትን ጠርሙስ አስቀመጥኩና ‹‹የማዳም አይደለም። የእኔ ነው›› አልኩ።

መጀመሪያ የዚያን ዕለቱን ውጤት ያልኩ መስሏት ነበር። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ ማሰሮውን፣ ጉንፋኑን፣ መሰላሉን፣ ሐሙስ ጠዋት ያነበብኩትን ወረቀት፣ ሰኞ ወደ ክፍሏ መውጣቴን። አንዱ ከወጣ በኋላ ሁሉም ተከታትለው ወጡ። ማድሞዜል ሳጥኑ ላይ ተቀመጠች። ‹‹ከዚያው ቀን መረቅ አንድ ጠርሙስ ለጤነኛው ባክቴሪያ ሰጥቼ ቢሆን ኖሮ በአንድ ቀን ይታወቅ ነበር። እሱ የእኔ ጥፋት ነው፤ አንቺ አትሸከሚልኝም። ዝምታው ግን ያንቺ ነው›› አለችኝ። ምነው በጮኸችብኝ። ከዚያ ቀና ብላ ‹‹እኔም እኮ ስቄባቸዋለሁ። አሁን፣ እዚሁ›› አለች፤ ምሳዋንም ሳትጨርስ ተነሳች።

ሙሴ ካርዳያክን አስከትላ ተመለሰች። እሳቸውም ሁሉንም እንደገና አስነገሩኝ። ስጨርስ መነጽራቸውን አውልቀው ‹‹ታዲያ ማዳም ለምን እኔ ነኝ አሉኝ? ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ዋሽተውኝ አያውቁም። ምን አስዋሻቸው?›› አሉ። በእውነት ግራ ገብቷቸው ነበር። ጊስሌን ጀርባዋን ሰጥታን፣ ለጠርሙሶቹ እንደምትናገር ሆና፣ ‹‹ይህን ሁሉ መጽሐፍ አንብበው፣ ይህ ጠፋቸው!›› አለች።

ዓርብ ዕለት፣ ከጉባኤው በፊት፣ ሙሴ ካርዳያክ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት የኅዳሩን መረቅ ማዳም እንዳልሠሩት ተናገሩ። በበሩ ቆሜ ሰማሁ። ስሜን አልጠሩም፤ ግን ሁሉም ያውቁታል፤ ይወቁት። ከዚህ ደብዳቤ ጋር በአንድ ፖስታ የእሳቸው ደብዳቤ አለ። አላነበብኩትም፤ ግን ጉልበትዎ ከፈቀደልዎ ከመጋቢት ጀምሮ እንዲመለሱ እንደሚለምኑዎ ነግረውኛል። ያን ማክሰኞ ማን እንደመዘነም በእጅዎ ጽፈው እንዲልኩላቸው ይጠይቁዎታል። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ምላሴ አርጅቷል ብለው እንዳይመልሱላቸው። ስለ እኔ ብለው እንዳይመልሱላቸው። መመለስ ባይፈልጉ እንኳ፣ ዶሮዎቹንና ባሕሩን ቢመርጡ እንኳ፣ እውነቱን ይጻፉላቸው።

የእኔ ነገር ሰኞ ይታያል ብለውኛል። ማድሞዜል ልታስቀረኝ ትከራከራለች መሰለኝ፤ ሙሴ ካርዳያክ ግን ፊታቸው አልፈታም። ካሰናበቱኝ ወደ እናቴ እመጣለሁ፣ ፋብሪካም እገባለሁ። ሴቶቹም ይጩሁብኝ። ከመጣሁ መጀመሪያ የማንኳኳው የእርስዎን በር ነው። ባይከፍቱልኝም አልቀየምዎትም።

ቅድስት ሐና ጉልበትዎን ታጽናልዎ። በጣሪያዎ ሥር ዝናብ አይግባ፣ በምድጃዎ እሳት አይጥፋ። ስምዎ በሚነሳበት ቦታ ሁሉ በመልካም ይነሳ። ያበሉኝ እጅዎን፣ ወገቤ ላይ ያረፈውን እጅዎን፣ በርቀት እስማለሁ።

የክርስትና ልጅዎ

ከፊርማዬ በታች የጨመርኩት፦ በየደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ ‹‹ጉንፋንሽስ?›› ብለው ይጠይቁኛል። በታኅሣሥ ጠየቁኝ፣ በጥር ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ፣ አሁንም ጠይቀውኛል። ያ ጉንፋን የያዘኝ አምስት ቀን ብቻ ነበር። ባለፈው ሐሙስ ማታ ደብዳቤዎችዎን ሁሉ አንድ ላይ ዘርግቼ አነበብኳቸው፤ ከዚያ እስኪነጋ አለቀስኩ። አሁን እመልስልዎታለሁ። ለቆኛል፣ ክርስትና እናቴ። ሐሙስ ዕለት ለቀቀኝ።